ርካሹ መንገድ በማን ትከሻ?

ሰው ወዶ ድሃ መሆን ይችላል? ከቻለስ፣ ወዶ የደኸየው ሰው ሳይወድ የደኸየውን ሰው ደጅ ሲያንኳኳ ምን የመጠየቅ መብት አለው? ይህ ለረጅም ዘመን የመነኮሳትና የፈላስፎች ጥያቄ ነበር። ዛሬ ግን በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ባለችው በዛንዚባር በየቀኑ ይነሣል። ከሩቅ አገር የመጣ ወጣት ቦርሳውን አዝሎ ከዳሬሰላም በመርከብ ይሻገራል። የመጀመሪያውን ማታ ስቶን ታውን ውስጥ ፎሮዳኒ መናፈሻ ሄዶ ኡሮጆ የሚሉትን መረቅ በጥቂት ሽልንግ ይበላል። ሲነጋ ታክሲውን ትቶ ዳላዳላ የሚሉትን የሕዝብ ማመላለሻ ይሳፈራል፤ ከሩዝ ከረጢትና ከዓሣ ቅርጫት ጋር ተጣብቦ ወደ ጃምቢያኒ ወይም ወደ ኑንግዊ ይወርዳል፤ ብዙ አልጋ ከተደረደረበት ክፍል አንዷን አልጋ ይከራያል። ወጪውን ማታ ማታ ይደምራል፤ ድምሩ ባነሰ ቁጥር ደስታው ይጨምራል። ይህን አኗኗር ብዙዎች እንደ በጎነት ያዩታል፤ ከምቾት ባርነት መውጣት፣ ከሕዝቡ ጋር መብላት፣ ከሕዝቡ ጋር መጓዝ ነው ይላሉ። በጎነት መሆን እንደሚችል አምናለሁ። በጎነቱ የሚታወቀው ግን በወጪው ማነስ አይደለም። የተቀነሰው ነገር ከማን ላይ ተቀነሰ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ድህነትን የመረጠው ሰው ሸክሙን ራሱ ከተሸከመው ምርጫው የተከበረ ነው፤ ሸክሙን ወደማይመርጠው ሰው ካሸጋገረው ግን ያው አኗኗር፣ በዚያው ቦርሳና በዚያው ዳላዳላ፣ በደል ይሆናል።

መጀመሪያ የሚገባውን ክብር እንስጠው። በትንሽ ነገር መኖርን መለማመድ የቆየ ጥበብ ነው። ሮማዊው ፈላስፋ ሴኔካ ለወዳጁ ለሉሲሊየስ ከጻፋቸው ደብዳቤዎች በአንዱ፣ ጥቂት ቀናትን ለይቶ ተራ ምግብ እየበሉና ሻካራ ልብስ እየለበሱ ማሳለፍን ይመክራል፤ ሰው የሚፈራውን ድህነት አስቀድሞ ከቀመሰው ፍርሃቱ ይለቀዋል ባይ ነው። ሴኔካ ራሱ በዘመኑ ከነበሩ ባለጸጎች አንዱ ነበር። በዚያው ደብዳቤ ላይ ግን ወዳጁን ያስጠነቅቀዋል፦ ይህን ስታደርግ ትልቅ ሥራ የሠራህ እንዳይመስልህ፣ እልፍ ባሪያና ድሃ በየቀኑ የሚያደርገውን ነው ያደረግኸው፣ ልዩነቱ አንተ ሳትገደድ ማድረግህ ብቻ ነው የሚል ሐሳብ ያለው ምክር ነው። ሌላም ልብ የምንለው ነገር አለ። ያ ልምምድ የሚደረገው በገዛ ቤት፣ በገዛ ሆድና በገዛ ጀርባ ላይ ነው። ሉሲሊየስ ደረቅ ዳቦ በላ ተብሎ ዳቦ ጋጋሪው ገቢው አልቀነሰም።

ዛንዚባር ላይም ይህን የመሰለ ንጹሕ ቁጠባ አለ፤ ውኃ ጥሩ ማሳያ ነው። በምሥራቁ ጠረፍ መንደሮች የሚጠጣው ውኃ የሚገኘው ከመሬት ሥር ነው። ዝናቡ በኮራል ድንጋዩ ውስጥ ሰርጎ ከጨዋማው ውኃ በላይ ስስ ሽፋን ሆኖ ይቀመጣል፤ ከልክ በላይ ሲሳብ ባሕሩ ይገባበትና ጉድጓዱ ጨዋማ ይሆናል። ስለ ቱሪዝምና ተፈጥሮ ሀብት የሚያጠናው ሽቴፋን ጎስሊንግ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው ጥናት፣ በዚያ ጠረፍ የሆቴል እንግዳ በቀን ወደ 930 ሊትር፣ በአነስተኛ ማረፊያ የሚያድር እንግዳ ወደ 250 ሊትር፣ የመንደሩ ነዋሪ ግን 50 ሊትር ገደማ እንደሚጠቀም አሳይቷል። ከሆቴሉ ውኃ ግማሽ ያህሉ የሚፈሰው ለአትክልት ማጠጫ ነው። እንግዲህ ቦርሳ ያዘለው ወጣት መዋኛ ገንዳውንና ለምለሙን ሣር ትቶ በቀዝቃዛ ባልዲ ውኃ ሲታጠብ የቀነሰው ከራሱ ምቾት ነው፤ የተረፈው ውኃም ለመንደሩ ጉድጓድ ይቀራል። ይህ ያለ ምንም ማመንታት ሊመሰገን ይገባዋል። ሆኖም 250 ሊትር የመንደሩን ሰው አምስት እጥፍ ነው። ርካሹ እንግዳ ከውዱ እንግዳ ጋር ሲነጻጸር ቁጥብ ነው፤ ከአስተናጋጆቹ ጋር ሲነጻጸር ግን ባለጸጋ ነው። ይህን ሁለተኛውን ንጽጽር የረሳ ሰው ስለራሱ ድህነት የሚናገረው ሁሉ ከልኩ ያልፋል።

ጉዳዩ የሚከረው ገበያ ላይ ነው። በጃምቢያኒና በፓጄ ባሕሩ ሲሸሽ በጣም ርቆ ይሸሻል። ያኔ ሴቶች ካንጋቸውን አገልድመው፣ ጉልበታቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ቆመው፣ አሸዋው ላይ በተተከሉ ካስማዎች መካከል በተወጠረ ገመድ ላይ የባሕር ሣር ችግኝ አንድ በአንድ ያስራሉ። ሥራው ወደ ደሴቲቱ የገባው በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ገበሬዎቹም አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ስድስት ሳምንት ያህል ከቆየ በኋላ ይታጨዳል፤ ውኃ የሚያንጠባጥበውን ጭነት ተሸክመው ወደ ዳርቻው ያወጡታል፤ ፀሐይ ላይ ዘርግተው ያደርቁታል። ብዙውን ጊዜ የአንድ ኪሎ ደረቅ ሣር ዋጋ ከአንድ ዶላር በታች ነው። ወደ ውጭ ይላክና ምግብንና የጥርስ ሳሙናን ለማወፈር ይውላል። ባሕሩ እየሞቀ በመምጣቱ ደግሞ የተሻለ ዋጋ የሚያወጣው ኮቶኒ የሚሉት ዝርያ በብዙ ቦታ አልበቅል ብሏል። ስለዚህ አንዳንዶቹ ሴቶች ከባሕር ሣሩ ሳሙና እየሠሩ ለእንግዳ መሸጥ ጀምረዋል። ወጣቱ የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው፤ ሳሙናውን አንሥቶ ዋጋ ይከራከራል፤ ግማሹን ካስቀነሰ በኋላም እንደ ብልህ ነጋዴ ደስ ብሎት ይሄዳል።

«ዋጋ መከራከር የአገሩ ወግ ነው፤ ሻጯ የማያዋጣትን አትሸጥም፤ በጠራችው ዋጋ መክፈል እንዲያውም ገበያውን ማበላሸት ነው» የሚል ሰው ይኖራል። የመጀመሪያው እውነት ነው፤ ስዋሂሊ ነጋዴም እንደ መርካቶ ነጋዴ ዋጋ መከራከርን ያውቃል፣ ይወደዋልም። ግን በመርካቶ ገዢውም ሻጩም ትተው መሄድ ይችላሉ፤ ክርክሩን ፍትሐዊ የሚያደርገው ይኸው ነው። ሁለተኛው ክርክር ላይ ግን «ፈቅዳ ሸጠች» ማለት አይበቃም። የእስልምና የሕግ ሊቃውንት የተቸገረ ሰው ተገዶ የሚሸጠውን ሽያጭ ከሌላው ሽያጭ ለይተው መርምረውታል፤ ችግሩን አይቶ ዋጋ መጣልን የነቀፉም አሉ። ያቺ ሴት ያን ቀን ለዱቄት ገንዘብ ካስፈለጋት ፈቃዷ ያለው በአፏ ብቻ ነው። ገዢው አንድ ሺህ ሽልንግ ሲያስቀንስ ያተረፈው ለነገ ጉዞው አንድ ብርጭቆ የሸንኮራ ጭማቂ ነው፤ እርሷ ስትቀንስ የቀነሰችው ከልጆቿ ራት ነው። ገንዘቡ አንድ ሆኖ ክብደቱ ሁለት ነው። የገበያውን መበላሸት በተመለከተ፣ የተለመደውን የአገሬው ዋጋ ጠይቆ ያንን መክፈል ማንንም አያበላሽም፤ የሚያበላሸው ከዚያም በታች ለመግዛት መሽቀዳደም ነው።

ከሁሉም የሚከብደኝ ተቃውሞ ግን ከሃይማኖት ወገን የሚመጣው ነው። ወዶ መደኽየትና ከድሃ ደጅ መለመን ኃጢአት ከሆነ መነኩሴውስ? የቡድሃ መነኩሴ በየማለዳው ሳህኑን ይዞ ከድሃ ገበሬ ሩዝ ይቀበላል። የእኛው የቆሎ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ ይዞራል፤ ከደህና ቤት የወጣ ልጅ እንኳ ትሕትናን ይማር ተብሎ እንዲለምን ይደረግ ነበር። ያን ተማሪ ማንም በዝባዥ ብሎት አያውቅም፤ እኔም አልልም። ምክንያቱን ግን ማየት ያስፈልጋል። ተማሪው የሚቀበለው የተሰጠውን ነው፤ ቁራሽ ቢሆን ቁራሽ፣ ባዶ ቢሆን ባዶ፤ ዋጋ አይጠይቅም፣ አይመርጥም። የቡድሃ መነኩሴም በሥርዓቱ ገንዘብ አይነካም፣ ከቀትር በኋላ አይበላም፣ የሚወደውን ምግብ ጠቁሞ አያዝዝም። ሁለቱም ራሳቸውን አስረዋል፤ ሲደክማቸው የሚመዙት የባንክ ካርድ የለም። ከዚህም በላይ ሰጪው የሥርዓቱ ባለቤት ነው፤ ቁራሹን የሚሰጠው ነገ ልጁን ክርስትና የሚያነሣለት፣ ሲሞት የሚፈታው ካህን ከእነዚህ ልጆች መካከል እንደሚወጣ እያወቀ ነው። ሰጪና ተቀባይ በአንድ ማኅበር ውስጥ ናቸው፣ ምጽዋቱም ዞሮ ይመለሳል። ተጓዡ ከዚህ ሁሉ የወሰደው መልኩን ብቻ ነው፤ የተማሪውን ረኃብ ሳይሆን የተማሪውን ነጻነት ነው የፈለገው። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት ተማሪውን መበደል ይመስለኛል።

ሃይማኖቶቹ ራሳቸው በዚህ ላይ ከምናስበው በላይ ጥንቁቆች ነበሩ። ሕዝቧ ከሞላ ጎደል ሙስሊም በሆነችው በዛንዚባር የእንግዳ ክብር የእምነት ጉዳይ ነው። ቁርኣን በዘጠነኛው ምዕራፍ ዘካ የሚገባቸውን ስምንት ወገኖች ሲዘረዝር መንገደኛውን ከእነርሱ ይቆጥረዋል። ሊቃውንቱም በአገሩ ሀብታም የሆነ ሰው እንኳ መንገድ ላይ ከተቸገረ መቀበል ይችላል ይላሉ። ይህ ቦርሳ ላዘለው ወጣት ጥሩ መከራከሪያ ይመስላል፤ ነገር ግን ሊቃውንቱ ያሰቡት ከሀብቱ የተቆረጠውን፣ ስንቁ ያለቀበትን፣ የሚደርስለት የሌለውን ሰው ነው። በስልኩ ገንዘብ ማስላክ የሚችል ሰው ከሀብቱ አልተቆረጠም፤ ላለመንካት ወስኖ ነው። የእንግድነትም ልክ ተቀምጧል፤ በነቢዩ ትምህርት መስተንግዶው ሦስት ቀን ነው፣ ከዚያ በላይ ያለው ምጽዋት ነው፣ እንግዳውም አስተናጋጁን እስኪያስጨንቅ መቆየት አይፈቀድለትም።

በክርስትናም እንዲሁ። ከጥንታዊዎቹ የቤተ ክርስቲያን ጽሑፎች አንዱ የሆነውና ዲዳኬ የሚባለው መጽሐፍ (ከዲድስቅልያ የተለየ ነው) ስለ ተጓዦች የደነገገው ክፍል በግእዝ ተተርጉሞ ሲኖዶስ በተባለው በእኛው የቀኖና መጽሐፍ ውስጥ ተጠብቆ ይገኛል። ድንጋጌው መንገደኛን በተቻለ ሁሉ እርዱ ይላል፤ ወዲያውም ልክ ያበጃል። መንገደኛው ሁለት ወይም ግፋ ቢል ሦስት ቀን ይቆይ፤ ከዚያ በላይ መኖር ከፈለገና ሙያ ካለው ሠርቶ ይብላ። ሐዋርያ ነኝ ብሎ የመጣ ሰው ሲሄድ ከስንቅ በቀር አይውሰድ፤ ገንዘብ ከጠየቀ ሐሰተኛ ነው። ይህን የጻፉት እንግዳ የሚጠሉ ሰዎች አልነበሩም። በራቸው ክፍት በመሆኑ፣ ክፍት በርን የኑሮ ዘዴ ያደረጉ ሰዎች እንደሚመጡባቸው ያዩ ነበሩ። ጳውሎስም በቆሮንቶስ ድንኳን እየሰፋ የኖረውና ለተሰሎንቄ ሰዎች ሸክም እንዳይሆን ሌት ተቀን መሥራቱን የጻፈው ለዚሁ ነው፤ የመቀበል መብት እንዳለው ያውቅ ነበር፣ ግን ድሆችን ላለመጫን መብቱን ተወ። ወዶ መደኽየት ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ የሚገባህን መተው እንጂ የማይገባህን መውሰድ አይደለም።

በዚህ መለኪያ ስናየው፣ መንገድ ላይ ፖስት ካርድና ፎቶ ዘርግቶ ለቀጣዩ ጉዞ የሚለምነው እንግዳ ነገሩ የማያጠያይቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የባሊ ኢሚግሬሽን ሹማምንት እንዲህ ያሉትን ወደየኤምባሲያቸው እንልካለን ማለታቸው የሚያስደንቅ አልነበረም። ይልቅ ጠለቅ ብሎ መታየት ያለበት በጉልበት አልጋ ማግኘት የሚባለው ልማድ ነው። ወጣቱ እንግዳ ለመቀበልና አልጋ ለማንጠፍ ተስማምቶ በነጻ ያድራል። ሠርቶ ስለሚበላ ከላይ ካነሣሁት የዲዳኬ ድንጋጌ ጋር የሚስማማ ይመስላል። ድንጋጌው ግን በመንደሩ ለመኖር ስለወሰነ ባለሙያ ነው የሚናገረው። እዚህ የሚሠራው ሥራ አንዲት የጃምቢያኒ ልጅ ደመወዝ ተከፍሏት ልትሠራው የምትችለው ሥራ ነው። ማረፊያ ቤቱ አትርፏል፤ እንግዳውም አትርፏል፤ የከፈለችው በድርድሩ ላይ ያልነበረችው ልጅ ናት። ሥራው የመንደሩ ሰው የሌለው ሙያ ሲሆን፣ ለምሳሌ የሒሳብ ሶፍትዌር ማስተማር ሲሆን፣ ፍርዱ ይለወጣል።

«ታዲያ ሀብታም ብቻ ይጓዝ ነው የምትለው?» ይሉኝ ይሆናል። ይህ ተቃውሞ ልብ የሚነካ ነው፤ የበርሊን ወይም የማንቼስተር አስተናጋጅ ዓመት ሙሉ ያጠራቀመውን ይዞ ዓለምን ማየት ቢፈልግ፣ የናይሮቢ ወይም የአዲስ አበባ ወጣት በአውቶቡስ እየተሳፈረ ጠረፉን ማየት ቢመኝ፣ ማንም ሊከለክለው አይገባም። የእኔ ክርክር ርካሽ ጉዞን አይቃወምም፤ እንዲያውም ይደግፈዋል። ማርክ ሃምፕተን እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በኢንዶኔዥያ በሎምቦክ አጠገብ ያለችውን ጊሊ ትራዋንጋንን አይቶ፣ ዝቅተኛ በጀት ያላቸው ተጓዦች የአገሬው ሰው በትንሽ ካፒታል ሊከፍታቸው የሚችላቸውን ማረፊያዎችና ምግብ ቤቶች እንደሚያቆሙ አስረድቷል። የቅንጦት ሆቴል ወይኑንና ሥጋውን ከውጭ ያስመጣል፤ ትርፉም ብዙ ጊዜ ወደ ውጭ ይመለሳል። የዳላዳላ ሂሳብ ግን ለሹፌሩና ለረዳቱ፣ የኡሮጆው ለቀቀለችው ሴት ይደርሳል። ስለዚህ ቁጠባው በምን ላይ ይሁን ነው ጥያቄው። አየር ማቀዝቀዣ የሌለውን ክፍል ምረጥ፤ የዓሣ ሾርባውን ትተህ ባቄላና ቻፓቲ ብላ፤ ሁለት ሳምንት ያሰብከውን አንድ ሳምንት አድርገው። ከእነዚህ ማናቸውም ከድሃ ላይ አይቀንሱም። ጉዞው ከዚህም በላይ ካልረከሰ አይሆንልኝም የሚል ሰው ካለ፣ ያ ጉዞ በአሁኑ ሰዓት ከአቅሙ በላይ ነው። ዛንዚባር እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ከውጭ እንግዶች 44 ዶላር የግዴታ መድን ማስከፈሏን ብዝበዛ የሚሉት አሉ፤ እንግዳው ታሞ ሲወድቅ ግን በመንደሩ ክሊኒክ በነዋሪው ወጪ እንዲታከም መጠበቅ የባሰ ነው።

አንድ ተቃውሞ ቀርቷል፤ «እነርሱ ራሳቸው ደስ ብሏቸው ይጋብዛሉ፣ እምቢ ማለት ስድብ ነው» የሚለው። እውነት ነው፤ የቀረበን ማዕድ መግፋት ነውር ነው፤ ድሃ የመስጠት ክብር የለውም ማለት ደግሞ የባሰ ነውር ነው። ግን የእንግድነት ሕግ በየትም አገር የቆመው በመተካካት ላይ ነው፤ ዛሬ አንተ መንገደኛ፣ ነገ እኔ። ይህ መተካካት በዛንዚባር ተቆርጧል። አውሮፓዊው ወጣት ከአየር ማረፊያው ሳይወጣ 50 ዶላር ከፍሎ ይገባል። የጃምቢያኒዋ ሴት ልጅ ወደ እርሱ አገር ልሂድ ብትል 90 ዩሮ፣ የባንክ መግለጫ፣ የሥራ ማስረጃ፣ የመመለስ ማረጋገጫ ትጠየቃለች፤ ከዚያም በኋላ ልትከለከል ትችላለች። ይህን ለአማርኛ አንባቢ ማብራራት አያስፈልግም፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች የመልስ ጊዜውን ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዝሞታል። ቪዛውን የከለከለው ወጣቱ አይደለም፤ ልክ ነው፣ ጥፋተኛ አይደለም። ነገር ግን ጥፋት ሌላ፣ ዕዳ ሌላ ነው። በነጻ የተበላ ማዕድ በሌላ ማዕድ ካልተመለሰ ዕዳው ባለበት ይቆያል። ስለዚህ በጃምቢያኒ ተጋብዞ የበላ ሰው በአገሩ ስለ ስደተኛና ስለ ቪዛ ክርክር ሲነሣ እንደማይመለከተው ሆኖ ዝም ማለት አይገባውም፤ አቅሙ ከፈቀደም ለጋበዙት ሰዎች ልጅ የግብዣ ደብዳቤ ጽፎ፣ ቤቱ ተቀብሎ ያስተናግድ። ይህ የማይቻለው እንደሆነ ለምግቡ ዋጋ ልክፈል ቢል ጋባዦቹን ቅር ያሰኛል። ሩዝና ዘይት፣ ለልጆቹም ደብተር ይዞ መግባት ግን በዛንዚባርም ሆነ በእኛ አገር ማንንም አስቀይሞ አያውቅም።